በቅሎዋ ትሂድ… ጭብጦዋ ግን?

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራችሁም፤ እፎይ በሉ! ዛሬ የማነሳው የፍርድን ነገር ነው። «ደግሞ ብለሽ ብለሽ ፍርድ ቤት ልትወስጂን ነው?» እንዳትሉኝ። ፍርድ የሚጠማን ፍርድ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ብቻ ነው ያለው ማነው? ከእጮኛችሁ ጋር ተኮራርፋችሁ «እስቲ አንቺው ፍረጂ!» ብላችሁ ጓደኛችሁን መሀል ያስገባችሁበት ቀን የለም? ልጅ ሳላችሁ እናታችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ ትልቁን ሥጋ ስታወጣለት እንባችሁ ዱብ ዱብ ያለው የእናንተው ሥጋ አላጠግብ ብሏችሁ ነበር እንዴ?

ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሐረጎን ቁልቁል ስትጠማዘዙ የጦሳን ብርድ ከኋላችሁ ትታችሁ ጃኬት የሚያስወልቅ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ከታሪፉ ላይ አሥር ብር ጨምሮ ጠየቀ። ሁላችንም እያጉረመረምን ከፈልን። አንድ ጎልማሳ ግን «ከታሪፉ በላይ ሳንቲም አልጨምርም!» አሉ። ክርክሩ እየጋለ ሄደ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲያዩ «አቁም!» ብለው ወረዱ፤ ረዳቱንም አስወረዱት። እኛ ሌላ መኪና ይዘን ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘኋቸው። ለካ ሰውዬው ከአንድ ነጋዴ ጋር ቀጠሮ ነበራቸው፤ ቀጠሮው አልፏል፤ ነጋዴውም ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ለባጃጅ ብቻ ያወጡት ከመቶ ብር በላይ ነው። «ታዲያ ረዳቱ ምን ሆነ?» አልኳቸው። ፊታቸው ቦግ አለ። «ተቀጣ! አሥሯንም ብር መለሰልኝ!» አሉና ብሯን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። «ወላሂ የኔ እህት፣ ቸግሮኛል ብሎ ቢለምነኝ እኮ ሃያ እሰጠው ነበር።»

አያቶቻችን ይህን ጠባያችንን ጠንቅቀው ያውቁታል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የለ? ሒሳብ ለሚያሰላ ሰው ይህ አነጋገር ዕብደት ነው። በቅሎ ማለት በዚያ ዘመን የጌታ ሰው መኪና ናት። ጭብጦ ደግሞ በአንድ እጅ የምትጨበጥ ቂጣ ናት፤ ሁለቴ ብትጎርሷት ታልቃለች። በቅሎዋን ያጣ ሰው ለጭብጦዋ እንቅልፍ ካጣ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው ማለት ነው።

ፈረንጆቹም ዘግይተው እዚሁ ነገር ላይ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቨርነር ጉት የተባለ ጀርመናዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጨዋታ ሞከረ። በእኛ ብር ላስረዳችሁ። ለእኔ መቶ ብር ይሰጠኝና «ከማታውቂው ሰው ጋር ተካፈይ» እባላለሁ። የፈለግሁትን ያህል ልሰጣችሁ እችላለሁ። እናንተ «እሺ» ካላችሁ ሁለታችንም ድርሻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ «እምቢ» ካላችሁ ግን ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንወጣለን። እንግዲህ እኔ ዘጠና ወስጄ አሥር ብሰጣችሁስ? አሥር ብር ከዜሮ ይሻላል፤ ሒሳቡ «ተቀበል» ይላል። ሰው ግን አይቀበልም! ጨዋታው ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተደግሟል። ድርሻቸው ከመቶው ሃያ እና ከዚያ በታች የሆነባቸው ብዙዎቹ ብሩን አሽቀንጥረው ይሄዳሉ። እንግዲህ የሐረጎው ሰውዬ ብቻቸውን አይደሉም።

የሥነ ልቦና ጠበብት ለዚህ ነገር ብዙ ስም አውጥተውለታል። እኔ ግን «የፍርድ ጥማት» ብለው ይቀለኛል። ጥቅም ሌላ ነው፤ የፍርድ ጥማት ሌላ ነው። በቀልም ሌላ ነው፤ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ጥማት ድሮም ኃይለኛ ነበር። መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር ከተጣላ «በሕግ አምላክ!» ይልና ያቆመዋል፤ ከዚያ የሚያልፈውን ሰው «ዳኘን» ብለው ይይዙታል፤ ሰውየው ጉዳዩን ትቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኛል። የመንገድ ዳኛ ይሉታል። ከሳሽና ተከሳሽ ደግሞ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። ቁራኛ ማለት እሱ ነው። (ዛሬ «የዓይን ቁራኛ» ስንል ያንን ቋጠሮ እያነሳን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?) በላ ልበልሃማ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ፣ ኩታውን እያጣፋ፣ ቤት በሚመታ ቃል ሲጠይቅና ሲመልስ ሰዉ ከቦ ያዳምጣል። ማር ይወራረዳሉ፣ በቅሎ ይወራረዳሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ ሲተርኩልኝ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ደሴ ላይ የአጎቴን ሙግት ከተከታተልኩ በኋላ ነው።

አጎቴ ሸዋበር አካባቢ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተጣላ። ጠቡ የተነሳባት መሬት ስፋቷ አንድ ክንድ ከስንዝር ብትሆን ነው፤ ልብስ እንኳ ዘርግታችሁ አታሰጡባትም! ጎረቤቱ ሽማግሌ ልኮ ብዙ ብር ሊሰጠው አለ። አጎቴ «የምሸጠው ነገር የለኝም» ብሎ መለሳቸው። አራት ዓመት ተሟገተ። አክስቴ በሙግቱ ወጪ የተማረረችውን ያህል በድርቅም አልተማረረች። «ጋሼ ሙግትህ ሚስት ሆነችብህ!» እያልን እንቀልድበት ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ አሸንፎ መጣ። ጎረቤቱ ግንባታውን እንዲያቆም ታዘዘ። እኛ ቤት ዳቦ ተቆረሰ፤ አጎቴ ግን ፊቱ እንደ ሐምሌ ሰማይ ነው። «ምነው ጋሽዬ፣ አሸነፍክ አይደል?» ስለው፣ «ምን አሸነፍኩ! አፌን ስከፍት ‹አጭር አድርገው› አለኝ፤ ደግሜ ስከፍት ‹ገብቶኛል› አለኝ። ሰምቶኝ መች ፈረደልኝ?» አለኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዳኛ ተቀየረ። አዲሷ ዳኛ ወጣት ናት፤ አጎቴ በዕድሜ ሴት ልጁን ታክላለች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አናገረችው። ከዚያ ለመስክ ምልከታ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጭቃው ውስጥ ቆማ ሜትር ይዘረጋላታል፤ እሷ ትጽፋለች። ካርታውን ሁለቴ አሳዩኝ አለች። በመጨረሻ ፈረደችበት! ያቺ ክንድ ከስንዝር ለጎረቤት ሆነች። ለምን እንደፈረደች ግን አንድ በአንድ አንብባ አስረዳችው። እኛ ደም ብዛቱ ይነሳበታል ብለን ስንፈራ፣ አጎቴ ቤት ገብቶ ጫማውን አወለቀና «ልጅቷ ዳኛ ናት!» አለ። ያን ሌሊት ሲያንኮራፋ አደረ፤ አክስቴ ምስክር ናት። ይግባኝም አላለም።

ቶም ታይለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በቺካጎ ከተማ 1,575 ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ መጽሐፍ አወጣ። ሰዎች ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ሲገናኙ ልባቸው ውስጥ የሚቀረው ረቱ ወይስ ተረቱ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ተሰምተዋል ወይ፣ ተከብረዋል ወይ፣ ዳኛው ሳያዳላ አይቷቸዋል ወይ የሚለው ይበልጣል ነው የሚለን። እኔ ቺካጎን አላየሁም፤ የአጎቴን ማንኮራፋት ግን ሰምቻለሁ።

ዳኞችስ? እነሱም ሰው ናቸው፤ ጥማቱ አለባቸው። ካርልስሚዝ፣ ዳርሊና ሮቢንሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አንድ የሚያስቅ ነገር አሳይቷል። ሰዎችን «ቅጣት ለምን ይጠቅማል?» ስትሏቸው «ሌላው እንዲማር» የሚለውን ሐሳብ በደስታ ይደግፋሉ። አንድ ወንጀለኛ አቅርባችሁ «በሉ ቅጡት» ስትሏቸው ግን ሌላው ይማር አይማር ትዝ አይላቸውም፤ የሚመዝኑት የሰውዬውን ጥፋት ክብደት ነው። «የሥራውን ያግኝ!» ነው ነገሩ። ይህ ሚዛን ደግሞ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይለያያል። ለዚህም ነው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው። ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ዳኛ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ሰባት ዓመት እንዳይፈርድ ነው።

እስካሁን ያወራሁላችሁ የጥማቱን መልካም ጎን ነው። አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልውሰዳችሁ።

ኮምቦልቻ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ስሟ ይቆየን። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ 18,000 ብር ጠፋ። ሰውየው በስድስት ሠራተኞችና በሁለት ደንበኞች ፊት ቦርሳዋን ዘርግፎ ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም። «ሌባ! የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ!» ብሎ ጮኸ። ያን ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች። በዘጠነኛው ቀን ነገሩ ታወቀ፤ ለካ ብሩን የባለቤቱ ወንድም ወስዶ ባንክ አስገብቶታል!

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደነገጠ። በወሎ ልማድ ሽማግሌ ላከ፤ አንድ ሼኽ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የዕድር ዳኛ ተያይዘው መጡ። ወደ ሥራዋ ትመለስ፣ 40,000 ብርም ካሳ ይሁናት ተባለ። እሷ ብሩን አልነካችውም። «ያኔ የነበሩት ስድስቱ ሠራተኞች በቆሙበት፣ ‹ተሳስቻለሁ፤ ሌባ አይደለችም› ይበልልኝ። ሌላ አልፈልግም» አለች። ሽማግሎቹ ተመላልሰው ያመጡት መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሃምሳ ሺህ ላድርገው፤ በሠራተኞቼ ፊት ግን አልዋረድም!»

አያችሁልኝ? እሱም እኮ ብሩ ላይ አይደለም ያለው!

እናቷ «ልጄ፣ ለአላህ ስጪው፤ ሃምሳ ሺህ ብር ቀላል ነው እንዴ?» እያሉ ይለማመጧታል። ጓደኞቿ «አበድሽ?» አሏት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰፈሩ ወሬ ነው። ብሩ መገኘቱ ታውቆ፣ ወንድምየው አምኖ፣ ሽማግሌ ተልኮ እንኳ፣ «ዝም ብሎማ አይባልም!»፣ «አንድ ነገርማ አይጠፋትም»፣ «እሷስ ለምን ያን ቀን አምሽታ ወጣች?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጨካኞች እንዳይመስሏችሁ። ሲያገኟት «አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው የሚስሟት ናቸው።

ይህን ነገር ሜልቪን ለርነር የሚባል ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ካሮሊን ሲመንስ ከተባለች ባልደረባው ጋር ባወጣው ሙከራ፣ ለተማሪዎች አንዲት ልጅ ጥያቄ በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ ስትመታ አሳያቸው። (ልጅቷ ትወና ላይ ናት፤ የተመታ ሰው የለም፤ ተመልካቾቹ ግን አያውቁም።) ለአንዳንዶቹ ሥቃዩን የማስቆም ዕድል ሰጣቸው፤ ብዙዎቹ አስቆሙ፤ ስለ ልጅቷም ደግ ደጉን ተናገሩ። ለሌሎቹ ግን «ሥቃዩ ይቀጥላል፤ እናንተ ምንም ማድረግ አትችሉም» ተባሉ። እነዚህኞቹ ምን አደረጉ? ልጅቷን ያጣጥሏት ጀመር! ደስ አትልም፣ እንዲህ ናት፣ እንዲያ ናት… ለርነር በኋላ በ1980 ባወጣው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ሰው ዓለም ፍርድ እንዳላት ማመን ይፈልጋል። ንጹሕ ሰው ሲበደል ዓይቶ ማስቆም ካቃተው፣ ያችን እምነቱን ለማዳን ሲል የተበዳዩን ንጽሕና ይቀማል። «የሥራዋን ነው ያገኘችው» ካልን እኛ ሥራችን መልካም ስለሆነ አንነካም ማለት ነዋ! የፍርድ ጥማት ፍርድ ሲያጣ የሚጠጣው እንዲህ ያለውን የደፈረሰ ውኃ ነው።

እዚሁ ደጃችን አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ ስንቱ ንብረቱን ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ባዶ የቀረበትን ሰው «ቀድሞ አያሸሽም ነበር?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘራፊው እያለ ጥያቄው ለተዘረፈው!

ከዚህም የከፋው፣ ይህ ጠባያችን ሕግ ሆኖ የተጻፈበት ጊዜ መኖሩ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የጠለፈን ሰው ከሦስት ዓመት በማይበልጥ እስራት ይቀጣ ነበር፤ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባችው ደግሞ ክሱ ይቀራል። «በፈቃዷ» የሚለውን እንዴት ታዩታላችሁ? ሽማግሌ ይገባል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ አባት ይካሳል፣ ቤተ ዘመድ ይታረቃል፤ ሰፈሩ ሰላም ሆነ! ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ስታመልጥ ተከታትሎ የደረሰባትን ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችውና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት። ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ታሪኳም በኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ተሠርቷል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም።

ሽምግልናን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሼኽና ቄስ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲያስታርቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። በአባጋሮቻችን እጅ ደም የተቃቡ ወገኖች ታርቀዋል። ግን እዚያ ዕርቅ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ፤ በዳይ ሰው በተሰበሰበበት «በድያለሁ» ይላል። ካሳው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። «በድያለሁ» የምትለዋ ቃል ወጥታ ካሳው ብቻ ሲቀር፣ ነገሩ ዕርቅ መሆኑ ቀርቶ ግዢ ይሆናል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ደሴ ድረስ መጣች። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። «አንቺ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ሰው ትመክሪያለሽ፤ እስቲ እኔን ምከሪኝ። ልክሰስ ወይስ ልተወው?» አለችኝ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው መጠየቅ ነው፤ ጠየቅኳት።

«ሃምሳ ሺውን አሁን በቴሌብር ቢልክልሽ ዛሬ ማታ ትተኛለሽ?»

«አልተኛም።»

«እሺ፤ ሰውየው ከስሮ ሱቁ ቢዘጋስ?»

ተቆጣች። «እሱ ቢከስር እኔ ምን አገኛለሁ? ስድስቱ ሰዎች ሥራ ይፈታሉ፤ እኔንም ያው ሌባ እንዳሉኝ ይቀራሉ!»

ቆይቼ እመጣበታለሁ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። በቀል የፈለገ ሰው ይህን ጥያቄ ስትጠይቁት ዓይኑ ያበራል። የሰውዬውን ውድቀት አስቦ ይጠግባል። እሷ አልጠገበችም። የምትፈልገው የእሱን መውደቅ ሳይሆን የራሷን መነሳት ነው። ስለዚህ ከእጮኛችሁም፣ ከአከራያችሁም፣ ከአሠሪያችሁም ጋር ስትጣሉ ይህችን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቧት። «ይድፋው!» ብላችሁ ካሰባችሁና ልባችሁ ከረካ፣ ክሱን አቆዩትና ትንሽ ቀን ተኙበት።

ሦስተኛ ጠየቅኳት። «ፍርድ ቤት ሄደሽ ብትረቺስ?»

ማኪያቶዋን እያማሰለች ብዙ አሰበች። «ተናግሬ ልረታ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሕጉን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች አጣራን። እናንተም ብታውቁት አይከፋም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስሙ የጠፋበት ሰው ይከሳል፤ ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ «እግዜር ያሳየው» እያላችሁ ብትቆዩ ያልፋችኋል። ሽማግሌ ፊት የምትፈርሙት የዕርቅ ውል ደግሞ ቀላል ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ ሕጉ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጥረው። እናም ልባችሁ ሳይታረቅ እጃችሁ እንዳይፈርም! አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ልንገራችሁ። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አንድ ሺህ ብር ብዙ ነገር ያደርግ ነበር። ዛሬ ደህና ጫማ ይገዛ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ነገር ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ስሙ ለጠፋበት ሰው ፍርድ ቤቱ በተከሳሹ ወጪ ማስተባበያ እንዲነገር ማዘዝ ይችላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አንዳንዱ ቁስል በብር እንደማይሽር ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ አብረን ሄድን። ታሪኳን ሰምተው መነጽራቸውን አስተካከሉና «እሺ ልጄ፣ የኅሊና ካሳ ስንት ልበል?» አሏት።

«ሕጉ የሚለውን። አንድ ሺህ።»

ሳቁ። «ኧረ ልጄ፣ ለእኔና ለኮፒው የምታወጪው እኮ ወደዚያው ይጠጋል!»

«እሱን መጨረሻ ላይ ይጻፉት አባባ» አለቻቸው። «መጀመሪያ በስድስቱ ሰዎች ፊት ይነገርልኝ የሚለውን ይጻፉልኝ።»

ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። የመጀመሪያ ቀጠሮዋ ጥቅምት 12 ነው።